የግንፍሌ ዝልግልግ ከምን ተሠራ? ባዮፊልምን በማይክሮስኮፕና በስፔክትሮስኮፒ መመርመር

አዲስ አበባ ውስጥ ግንፍሌ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ለረገጠ ሰው ባዮፊልም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ተንሸራቶ ያውቀዋል።

ያ የሚያንሸራትተው ነገር ሰፈር ነው። ባክቴሪያው፣ አልጌው፣ ዳያቶሙ (የሲሊካ ቅርፊት ያለው አልጌ)፣ ፕሮቶዞዋው ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ ውስጥ ተጣብቀው ይኖሩበታል። ሙጫው አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣለት የሚተርፈው ፖሊሳካራይድ (ረጅም የስኳር ሰንሰለት)፣ ፕሮቲን፣ ከሴል የወጣ ዲኤንኤና ትንሽ ቅባት ነው። ይሄ መመሪያ እነዚህን እንዴት ለይታችሁ እንደምታዩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩም ሆናችሁ እንዲሁ ነገሩ የገረማችሁ፣ መንገዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ናሙናዬን ከወንዝ አውጥቼ፣ አድርቄ፣ ቀጥታ ኤፍቲአይአር ላይ አስቀመጥኩት፤ ናሙናው የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ ነው። ማይክሮስኮፕ ምን ያደርግልኛል ብዬ። በሞገድ ቁጥር (አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚገባ) 1030 አካባቢ ተራራ የሚያህል ፒክ ወጣ። «በፖሊሳካራይድ የበለጸገ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለጓደኞቼም በኩራት አሳየሁ። አንድ ነባር የላብ ቴክኒሻን አየት አደረጉትና «እስቲ አቃጥለው» አሉኝ። 500 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስገባሁት። ሲወጣ ክብደቱ ብዙም አልቀነሰም። ስኳር ቢሆን ኖሮ ተቃጥሎ ይጠፋ ነበር። አመዱን መልሼ ስለካው ተራራው እዚያው ቁጭ ብሏል። «ልጄ፣ ጭቃ ነው የለካኸው» አሉኝ።

የፖሊሳካራይድ ፒክ ከ900 እስከ 1200 ባለው ሜዳ ላይ ነው የሚወጣው። የደለል፣ የሸክላ አፈርና የዳያቶም ቅርፊት ሲሊካም እዚያው ሜዳ ላይ ነው የሚጫወተው። የአዲስ አበባ ወንዝ ደግሞ ደለል አያጣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ በዓይን እዩ፣ ከዚያ ለኩ።

ወቅትና ቦታ

በክረምት አትድከሙ። ጎርፉ ድንጋዩን ልጦት ይሄዳል፣ የቀረውንም በጭቃ ይሸፍነዋል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ውሃው ይረጋል፣ ፀሐይ አለ፣ ፊልሙም ይወፍራል።

መሀል ከተማ ላይ ምርጫው አለ። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳሉ፣ ባንተይቅጡ በፍልውሃ አካባቢ ያልፋል። ሁሉም መጨረሻቸው ትልቁ አቃቂ ነው፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ቢቻል አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች ምረጡ። ፍሳሽ ሲጨመርበት ፊልሙ እንዴት እንደሚለወጥ የሚታየው በማነጻጸር ነው።

የወንዝ ዳር መናፈሻ ከሆነ ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ አናግሩ። ወረቀት ካላችሁ ያዙ። ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። እኔን አንዲት እናት ድልድይ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ወርቅ ተገኘ እንዴ?» ብለውኛል። ዝልግልግ ነው የምለቅመው ስላቸው «ውይ፣ እናትህ ታውቃለች?» ብለው እያዘኑልኝ ሄዱ።

ጓንትና ቦቲ ግድ ነው። ውሃው ውስጥ የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ። ስትጨርሱ ዕቃውን በበረኪና እጠቡ፣ ናሙና የሚነካውን ግን በኋላ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የበረኪና ቅሪት ክሎሮፊሉንም ፕሮቲኑንም ያበላሻል።

ናሙና መያዝ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስላይድ ውሃ ውስጥ ሰቅሎ ፊልሙ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። የተለመደው የማይክሮስኮፕ ስላይድ 75 በ25 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ ገጹ 18.75 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ስፋቱ ስለሚታወቅ በኋላ ስሌቱ ይቀላችኋል። ሃይላንድ ጠርሙስ ታችና ላዩን ቁረጡ፣ ጎኑን ሰንጥቃችሁ ስላይዶቹን ጠርዛቸውን ይዘው እንዲቆሙ ሰኩ፣ በናይለን ገመድ ከከባድ ድንጋይ ጋር እሰሩ። ስላይዱ የውሃውን ፍሰት ተከትሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። ከተጋደመ ደለል ይቀመጥበታል፤ ያ ማለት የኔን ስህተት ገና ከወንዙ ጀመራችሁት ማለት ነው።

ቁጥር በማርከር አትጻፉ፤ ይለቃል፣ ቀለሙም ናሙናው ውስጥ ይገባል። በመስታወት መቁረጫ ጫር አድርጉት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቃል። ካሰባችሁት በላይ ስላይድ ስቀሉ፤ ግማሹን ፌስታል ጠልፎ ይወስደዋል፣ ሌላውን ልጆች ያወጡታል። አንዴ ሦስት ሳምንት ጠብቄ ስወርድ ገመዱን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ጥሩ ገመድ ስለነበር እሱን አለመውሰዳቸው ገርሞኛል።

ሁለተኛው መንገድ ድንጋይ መፋቅ ነው። የሃይላንድ ክዳን ድንጋዩ ላይ ደፍታችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። ዙሪያውን በጥርስ ብሩሽ ፍቃችሁ እጠቡት። ከዚያ ክዳኑን ስታነሱ ከሥሩ ያለው ክብ ብቻ ይቀራል። እሱን በሌላ ንጹህ ብሩሽ በትንሽ የተጣራ ውሃ እየፋቃችሁ ወደ ብልቃጥ አውርዱ። የክዳኑን ስፋት ለክታችሁ የክቡን ስፋት ታወጣላችሁ።

ናሙናው በጨለማና በበረዶ ይጓዝ። አይስ ቦክሱን ታክሲ ውስጥ እግራችሁ ሥር አድርጉት፤ ረዳቱ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ማለቱ አይቀርም። ላብ እንደደረሳችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ በሕይወት እያለ በዚያው ቀን ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ። አንዱ ግሉታራልዴሃይድ በሚባለው ማቆያ ኬሚካል የሚጠበቅ፣ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ። አንዱ ምንም ሳይነካው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ፣ ለስፔክትሮስኮፒ። ፎርማሊን ወይም ግሉታራልዴሃይድ የነካውን ኤፍቲአይአር ላይ አታስቀምጡ፤ ፕሮቲኑን ስለሚያስተሳስሩት የምታዩት የኬሚካሉን ሥራ ነው።

ማይክሮስኮፕ፣ ሳይቸኩሉ

ተራው የተማሪ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ከቨር ስሊፑን (ላዩ ላይ የሚከደነውን ስስ መስታወት) ቀጥታ አትጫኑበት፤ ፊልሙን ይጨፈልቀዋል። በአራት ጥግ የተሰበረ ከቨር ስሊፕ ስባሪ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ክደኑ፣ እንደ ጉልቻ። በ10 ሌንስ ጀምሩ፣ ከዚያ 40። ሙጫው ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ የብርሃን መክፈቻውን ጠበብ አድርጉት፣ ያኔ ጠርዙ ይታያል።

ቡናማ ወርቃማ ጀልባ መሰል ነገሮች ዳያቶም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሲንሸራተቱ ታያላችሁ። ፍሳሽ በበዛበት ቦታ ደግሞ ረጃጅም ቀለም የለሽ ክሮች ታገኛላችሁ፣ በተለምዶ የፍሳሽ ፈንገስ የሚባሉት፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፈንገስ ሳይሆኑ ስፌሮቲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ናቸው። ደወል የምትመስል፣ በቀጭን ዘንግ የተተከለች ፍጡር ካያችሁ ቮርቲሴላ ናት። ጠረጴዛውን በጣታችሁ መታ አድርጉት። ዘንጓ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ወደ ታች ትሰበሰባለች፣ ትንሽ ቆይታ ቀስ እያለች ትዘረጋለች። እኔ እሷን ሳይ ሰዓቱ ይሄድብኛል፣ አልደብቅም።

ሙጫውን ራሱን ለማየት ርካሹ መላ ጥቁር የስዕል ቀለም ነው፣ ቻይና ቀለም የሚባለው። አንድ ጠብታ ከናሙናው ጋር ቀላቅሉ። የቀለሙ ቅንጣት ሙጫው ውስጥ ስለማይገባ ሴሎቹ ዙሪያ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያ ነው ሙጫው። አሲዳማ ፖሊሳካራይድ ለይታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አልሽን ብሉ የሚባለው ማቅለሚያ ሰማያዊ ያደርገዋል።

አሁን ጭቃ ፍለጋ። ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን ላይ ፖላራይዘር ፊልም ላጡ። አንዱን ከስላይዱ በታች፣ አንዱን ከላይ አድርጋችሁ ሜዳው እስኪጨልም አዙሩት። ኳርትዝና ካልሳይት የሚባሉት የደለል ማዕድኖች ጨለማው ውስጥ ያበራሉ። የዳያቶም ቅርፊት ሲሊካ ቢሆንም ክሪስታል ስላልሆነ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ብቻ ደለልና ዳያቶም ይለያሉ። ሴሉሎስና ስታርችም ስለሚያበሩ ቅርጹን እዩ፤ ደለል ማዕዘን ማዕዘን አለው። በጣም የላመ ሸክላ ግን በዚህ ዘዴ ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ እሱን ኤፍቲአይአሩ ይይዘዋል። አንድ ጠብታ ደካማ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትጨምሩ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለ ማለት ነው።

ውፍረቱን ለመለካት ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ቢኖር ጥሩ ነው። ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓተንት የጠየቀበት ሐሳብ ነው፤ ፊልሙን ሳይቆርጥ በብርሃን እንደ ዳቦ ይከትፈዋል። ከሌለ ግን በጥቃቅን ማስተካከያው ቁልፍ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ የስላይዱን ገጽ ጥርት አድርጋችሁ እዩ፣ ከዚያ የፊልሙን ጫፍ፤ በመሀል ስንት ክፍልፋይ እንደዞረ ቁጠሩ። ዘይት የማይፈልግ ሌንስ ከሆነ ውጤቱን በ1.33 አባዙት፣ ውሃ ጥልቀትን አሳንሶ ስለሚያሳይ። አሥር ቦታ ላይ ለኩ። ፊልሙ ሜዳ ሳይሆን ጉብታና ሸለቆ ነው።

ፍሎረሰንስ ያለው ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ክሎሮፊል ያለ ምንም ቀለም በራሱ ቀይ ያበራል። ዳፒ የሚባለው ማቅለሚያ ደግሞ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ባክቴሪያውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ዳፒን በጓንት ያዙ፣ ከብርሃን ጋርዱ።

ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሁለት ነገር ብቻ። ናሙናው በአልኮል ደረጃ በደረጃ ደርቆ ስለሚገባ ሙጫው ተሸብሽቦ ክር ክር ይሆናል፤ ያንን የሸረሪት ድር እንደ ተፈጥሮ ቅርጹ አትጻፉት። ሁለተኛው፣ የንጥረ ነገር ልኬት የምትፈልጉ ከሆነ ናሙናውን በወርቅ አታስለብጡ። የወርቅ ፒክ ፎስፈረስ ላይ ተደርቦ ይወጣል። ካርቦን ይሻላል።

ክሎሮፊል፣ ስኳርና ፕሮቲን በስፔክትሮፎቶሜትር

ይሄ መሣሪያ ብዙ ላብ ውስጥ አለ። ክሎሮፊል ኤ ስንት አልጌ እንዳለ ይነግራችኋል። የተፋቀውን ፊልም በ90 ፐርሰንት አሴቶን፣ በጨለማ፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። አሴቶን እሳት ይጠራል፣ ስቶቭ ያለበት ክፍል አይሁን። በማግስቱ በሴንትሪፊውጅ አጥሩና በመስታወት ወይም በኳርትዝ ኩቬት (ናሙናው ለንባብ የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) አንብቡ፤ ተራውን የፕላስቲክ ኩቬት አሴቶን ያሟሟዋል።

በ664ና በ750 ናኖሜትር አንብቡ። ከዚያ ለ3 ሚሊሊትር ናሙና 0.1 ሚሊሊትር የ0.1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራችሁ 90 ሰከንድ ጠብቁና በ665ና በ750 ድገሙ። ከሁለቱም ንባብ የየራሱን 750 ቀንሱ፤ እሱ ብጥብጡ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ተቀናንሱ፣ በ26.7 አባዙ፣ በአሴቶኑ ሚሊሊትር አባዙ፣ ለስፋቱ አካፍሉ። ለምሳሌ ልዩነቱ 0.120፣ አሴቶኑ 10 ሚሊሊትር፣ የፋቃችሁት አንድ የስላይድ ገጽ ቢሆን፣ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 1.7 ማይክሮግራም በካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። አሲዱ የሚያስፈልገው የሞተውን ክሎሮፊል ለመለየት ነው። ከአሲድ በፊት የተነበበው ከአሲድ በኋላ ላለው ሲካፈል 1.7 አካባቢ ከሆነ አልጌው ጤነኛ ነው፤ ወደ 1 ከተጠጋ አብዛኛው በስብሷል።

ለስኳር የፌኖልና ሰልፈሪክ አሲድ ዘዴ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሚሠራበት። 1 ሚሊሊትር ናሙና፣ 1 ሚሊሊትር 5 ፐርሰንት ፌኖል፣ ከዚያ 5 ሚሊሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ በፍጥነት። ቱቦው እጅ ያቃጥላል፣ የፊት መከላከያ አድርጉ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር ሥሩ። ሲበርድ በ490 አንብቡ፣ ከግሉኮስ መለኪያ መስመር ጋር አስተያዩ። ይሄ ዘዴ ጭቃን ስኳር ነው ብሎ አይቆጥርም፤ እኔን ያኔ ሊያድነኝ ይችል ነበር። ብጥብጥ ካለ ግን ቀድማችሁ በሴንትሪፊውጅ አውርዱት። ለፕሮቲን ብራድፎርድ የሚባለውን የማቅለሚያ ዘዴ በ595 ተጠቀሙ።

አንድ የሰፈራችን ጉዳይ። ስኳሩን አንትሮን በሚባለው ሌላ ዘዴ የምትለኩ ከሆነ መመሪያው «በፈላ ውሃ» ሲል 100 ዲግሪ ማለቱ ነው። አራት ኪሎ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍታችን ነዋ። መለኪያ መስመራችሁን ከናሙናው ጋር በአንድ ድስት ውስጥ ካፈላችሁት ልዩነቱ ይጠፋል። ከሌላ አገር የተገኘ መስመር ከተጠቀማችሁ ግን ቁጥሩ አያምርም።

ኤፍቲአይአር

ናሙናውን መጀመሪያ አድርቁ። ውሃ 1640 ላይ ትልቅ ፒክ አለው፤ የፕሮቲኑን 1650 ይውጠዋል። በ60 ዲግሪ ወይም በፍሪዝ ድራየር ይደርቃል። ዳይመንድ ኤቲአር (ናሙናው ዳይመንድ ላይ ተጭኖ የሚለካበት የኤፍቲአይአር ክፍል) ካለ ፈጭታችሁ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። በፖታሺየም ብሮማይድ ኪኒን የምትሠሩ ከሆነ 1 ሚሊግራም ናሙና ለ100 ሚሊግራም ጨው። ክረምት ላይ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ከማድረቂያ ምድጃ አውጥታችሁ ወዲያው ተጠቀሙበት።

ባዶውን፣ ማለትም ናሙና ሳይኖር ያለውን ንባብ፣ ቶሎ ቶሎ ለኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰው በበዛ ቁጥር 2350 ላይ የትንፋሹ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል። መብራት ጠፍቶ ከመጣም መሣሪያው እስኪረጋጋ ጠብቁና ባዶውን እንደገና ለኩ፣ የቅድሙን አትመኑ።

አሁን ንባቡ። 1650ና 1540 ጎን ለጎን ከወጡ ፕሮቲን ነው። 2920ና 2850 የቅባት ሰንሰለት፤ 1740 ካጀባቸው ቅባት መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል። 1240 አካባቢ ፎስፌት አለ፣ ከዲኤንኤም ሆነ ከሌላ። 1420ና 875 አብረው ከታዩ ካርቦኔት ነው፣ በአሲድ ጠብታው አረጋግጡ። ከ900 እስከ 1200 ያለውን ግን ብቻውን አትመኑት። ቀና ብላችሁ 3695ና 3620 ላይ ሁለት ቀጫጭን ሹል ፒኮች አሉ ወይ ብላችሁ እዩ። ካሉ ካኦሊናይት የሚባለው ሸክላ አለ፤ «ስኳራችሁ» ውስጥም እጁ አለበት።

ምን ያህሉ ጭቃ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር አድርጉ። በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ መዝኑ፣ በ500 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቃጥላችሁ እንደገና መዝኑ። የጠፋው ኦርጋኒክ ነው፣ የቀረው ማዕድን። የአመዱ ስፔክትረም ይጠቅማል፣ ግን ካኦሊናይት በዚያ ሙቀት ስለሚለወጥ ከመጀመሪያው ላይ እንዳለ ቀንሳችሁ እፎይ አትበሉ። የተሻለው ከዚያው ወንዝ ሥር ደለል አምጥቶ፣ ኦርጋኒኩን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አስወግዶ፣ አድርቆ ለብቻ መለካት ነው። ሁለቱን ስፔክትረም አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ። እኔ በመጨረሻ ሳደርገው የኔ «ፖሊሳካራይድ» ከወንዙ ጭቃ ጋር እንደ መንትያ ነበር።

ራማን (ናሙናው ላይ ሌዘር አብርቶ የሚበተነውን ብርሃን የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ላብ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ውሃ ብዙ አይረብሸውም፣ ስለዚህ እርጥቡን ፊልም ማየት ይቻላል፤ በማይክሮስኮፕ ያነጣጠራችሁትን ነጥብ ነው የሚለካው። በሲሊከን 520 ላይ አስተካክሉት። በ532 ናኖሜትር ሌዘር የካሮቲኖይድ (የአልጌው ብርቱካናማ ቀለም) ፒኮች 1155ና 1520 ላይ ጎልተው ይወጣሉ፣ ግን የክሎሮፊሉ ፍካት ሌላውን ሊሸፍነው ይችላል፤ ያኔ 785 ሞክሩ። ኃይሉን ከዝቅተኛው ጀምሩ። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ አቃጥላችሁታል።

ስትጨርሱ የኤቲአሩን ዳይመንድ በአልኮል ጥረጉና ባዶ መሆኑን በስፔክትረም አረጋግጡ፣ የሚቀጥለው ሰው የእናንተን ግንፍሌ እንዳይለካ። የተረፈውን ናሙና ፍሪዘር ውስጥ መልሱ፣ ስሙን በእርሳስ ጻፉ። አጠገቡ በትንሽ ብልቃጥ በረዶ ሠርታችሁ ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ ማንም አይነግራችሁም፣ ሳንቲሙ ግን ይነግራችኋል። በረዶው ውስጥ ሰምጦ ካገኛችሁት ናሙናው ቀልጦ እንደገና የረጋ ነውና ለፕሮቲን አትጠቀሙበት።